ወጥቶ የሚመለስ ኃይል፦ የኤሌክትሪክ ዑደትና የአብያተ ክርስቲያናት ጥበቃ

ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ኤሌክትሪክ እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ በመጀመሪያ ያመነታነው እኛው ራሳችን ነበርን። ጉዳዩ የባለሙያ ነው፤ ካህኑ ቅዳሴውን፣ ምእመኑ ጸሎቱን፣ ኤሌክትሪሺያኑም ሽቦውን ይያዝ የሚል አስተያየት ከመካከላችን ተሰምቶ ነበር። ነገር ግን ወደ አጥቢያዎች በወጣን ቍጥር ያየነው ነገር አሳባችንን አስለወጠን። ባለሙያው መጥቶ ሠርቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም ዓመታት ሶኬት የሚጨምረው፣ ገመድ የሚያስረዝመው፣ የወረደውን ብሬከር የሚመልሰው የአጥቢያው ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ ያለበት ይህ ሰው ነው።

ለአብነት ስሙን ሳንጠራ አንድ አጥቢያ እናንሣ። በዓመታዊው ንግሥ ዋዜማ ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ሳለ መብራቱ ደጋግሞ ጠፋ። ብሬከሩን ያነሡታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይወርዳል። ከአገልጋዮቹ አንዱ ቅን ወጣት በማግሥቱ 16 አምፔር የነበረውን ብሬከር አውጥቶ በምትኩ 40 አምፔር አስገባ። ከዚያ በኋላ መብራቱ አልጠፋም፤ ሁሉም አመሰገኑት። ከሦስት ወር በኋላ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሸተታቸው። ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሣጥን ሲከፈት ክዳኑ ቀልጦ፣ አጠገቡ ያለው እንጨት የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ከሰል ሆኖ ተገኘ። የብራና መጻሕፍቱ የተቀመጡበት ሣጥን ከዚያ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

ያን ወጣት አንወቅሰውም። ያልተነገረውን ነገር ሊያውቅ አይችልም። እኛም ዛሬ የምንናገረው ለእርሱ ቀድሞ ሊነገረው ይገባ የነበረውን ነው።

ኤሌክትሪክ የሚሠራው በዑደት ነው። ዑደት የሚለውን ቃል እናንተ ካህናት ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። በንግሥ በዓል ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮም ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ምሳሌውን ያመጣነው ለአካሄዱ ብቻ ነው፤ ቅዱሱን ነገር ከሽቦ ጋር ልናነጻጽር አይደለም። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ከምንጩ በአንድ መንገድ ወጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ በሌላ መንገድ ወደ ምንጩ ካልተመለሰ በቀር ከቶ አይንቀሳቀስም። ወጥቶ የማይመለስ የኤሌክትሪክ ፍሰት የለም። ወደ አምፖሉ የሚሄዱት ሽቦዎች ሁለት የሆኑትም ስለዚህ ነው፤ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ ነው። መሄጃውን ፌዝ፣ መመለሻውን ኒውትራል ይሉታል።

የእጅ ባትሪ ፈታችሁ ካያችሁ ይህ በግልጽ ይታያል። የባትሪው ድንጋይ አንዱ ጫፍ አምፖሉን ይነካል፤ ሌላው ጫፍ በብረቱ ቀፎ በኩል ዞሮ ከአምፖሉ ጎን ጋር ይገናኛል። ማብሪያውን ስንገፋ የምናደርገው ነገር የተቆረጠውን መንገድ መግጠም ብቻ ነው። ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የመጀመሪያውን ባትሪ ከዚንክና ከመዳብ ዝርግ ሳንቲም መሰል ብረቶች ሲሠራ፣ በየመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ አድርጎ ነበር። የዛሬው ድንጋይ ይዘቱ ቢለወጥም ሕጉ ያው ነው።

ታዲያ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ምንድን ነው? መዳብ በውስጡ እጅግ ብዙ ልል የሆኑ ጥቃቅን ኤሌክትሮኖች አሉት። እነዚህን ከዚያው ያገኘናቸው ናቸው እንጂ ከኃይል ማመንጫው አይመጡም። ብዙዎች ማብሪያውን ስንጫን ኤሌክትሪክ ከግድቡ ተነሥቶ እየበረረ ወደ አምፖላችን የሚደርስ ይመስላቸዋል። ነገሩ ከሮቶ እስከ ቧንቧ አፍ ድረስ ውሃ እንደ ሞላበት መስመር ነው። ቧንቧውን ስንከፍት ወዲያው የሚፈስሰው ውሃ አፉ ላይ የነበረው ነው፤ በሮቶው ያለው ገና አልደረሰም፤ ግፊቱ ግን ደርሷል። በሽቦም ግፊቱ በቅጽበት ይደርሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ ግን ቀርፋፎች ናቸው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 16 አምፔር ቢያልፍ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በአማካይ በሰከንድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይራመዳል። በአንድ አቅጣጫ ቢሄድ 30 ሜትር ለመጨረስ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ከዋዜማ እስከ ቅዳሴ መውጫ ማለት ነው። ከመንግሥት መስመር የምናገኘው ኤሌክትሪክ ደግሞ አቅጣጫውን በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚያመላልስ ስለ ሆነ ኤሌክትሮኖቹ በቆሙበት ይወዛወዛሉ እንጂ የትም አይደርሱም። ሥራውን የሚሠራው መወዛወዛቸው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ነገሮችን ለይተን እንያዝ። ግፊቱ በቮልት ይለካል፤ በአገራችን ቤቶች 220 ቮልት ነው። የፍሰቱ ብዛት በአምፔር ይለካል። መንገዱ ለፍሰቱ የሚያሳየው ተቃውሞ ደግሞ በኦም ይለካል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 ያሳተመው ሕግ አጭር ነው፦ ፍሰቱ ማለት ግፊቱ ለተቃውሞው ሲካፈል ነው። ግፊቱ ሳይለወጥ ተቃውሞው ቢያንስ ፍሰቱ ይበዛል፤ ተቃውሞው ቢበዛ ፍሰቱ ያንሳል። አንድ ዕቃ ስንት አምፔር እንደሚስብ ለማወቅም በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ማካፈል ይበቃል። ይህን ስሌት ከሰበካ ጉባኤው ውስጥ አንድ ሰው ቢያውቀው ብዙ ጥፋት ይቀራል።

እስቲ በበዓል ዋዜማ በአዳራሹ የሚሆነውን እናስላ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ያህል ይስባል። 2000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ 9 አምፔር ይስባል። ሁለቱ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሲሰኩ ድምሩ 25 አምፔር ነው። ባለ 9 ዋት የዛሬ አምፖል ግን ከአንድ አምፔር ከ20 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ምጣዱ ብቻውን ወደ 400 የሚጠጉ አምፖሎችን ያህል ይስባል ማለት ነው፤ እንግዲህ ገንዘብ ለመቈጠብ ብለን በቅኔ ማኅሌቱ ሁለት አምፖል አጥፍተን ምጣዱን ከዚያው መስመር ላይ ብንሰካ ምን ተረፈን?

ሽቦው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይሞቃል። ሙቀቱ የሚወለደው ከፍሰቱና ከተቃውሞው ነው፤ ነገር ግን የፍሰቱ ድርሻ በራሱ ተባዝቶ ይገባል። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለ16 አምፔር በተዘጋጀ መስመር 25 አምፔር ሲያልፍ ሙቀቱ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ያድጋል። በብዙ አጥቢያዎች ያየናቸው መስመሮች ከብዙ ዓመት በፊት ለጥቂት አምፖሎች ተብለው የተዘረጉ ናቸው፤ ኋላ የድምፅ ማጉያው መጣ፣ ከዚያ ማራገቢያው፣ ከዚያ ምጣዱ መጣ፤ ሽቦው ግን የቀድሞው ሽቦ ነው።

አሁን በጥሞና እንድትሰሙን የምንለምነው ስለ መገጣጠሚያ ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 30 ሜትር ቢሄድ፣ መመለሻው ሲጨመር 60 ሜትር ነው፤ ተቃውሞው ወደ 0.4 ኦም ይደርሳል። 16 አምፔር ሲያልፍበት 100 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። ይህ ሙቀት በ60 ሜትር ላይ ስለሚበተን ማንም አያስተውለውም። ነገር ግን ይኸው 0.4 ኦም በአንድ መገጣጠሚያ ላይ ቢገኝስ? ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዝዞ በናስትሮ ከተጠቀለለ፣ ወይም የሶኬቱ ብሎን ከላላ፣ ወይም ጫፉ ዝጎ ከሆነ እንዲህ ያለ ተቃውሞ ሊፈጠር ይችላል። ያን ጊዜ ያው 100 ዋት አውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ይከማቻል። የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ምን ያህል ይፋጅ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ያን ሙቀት ከጣሪያው እንጨት ጋር በተጣበቀ ናስትሮ ውስጥ አስቦ ይረዳል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ብሬከሩ ይህን አለማየቱ ነው። ብሬከር የሚቈጥረው ፍሰትን ብቻ ነው፤ በላላ መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ፍሰቱ አልበዛም፣ እንዲያውም ጥቂት ቀንሷል። በተለምዶ ኮንታክት የምንለው ነገር ከዚህ ይለያል። ኮንታክት ፌዝና ኒውትራል መካከላቸው የሚሠራ ዕቃ ሳይኖር በቀጥታ ሲነካኩ የሚሆነው ነው፤ ተቃውሞው የሽቦው ብቻ ስለሚሆን በዚያው በ0.4 ኦም መስመር 550 አምፔር ሊፈስስ ይችላል። ደኅና ብሬከር ይህን በዐይን ጥቅሻ ውስጥ ይቈርጠዋል። የላላውን መገጣጠሚያ ግን የሚያገኘው አፍንጫና እጅ ነው፦ የሚሸት ሶኬት፣ የጠቈረ ስፒና፣ የሚንጣጣ ማብሪያ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ክዳን። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ በዓሉ እስኪያልፍ አይባልም።

ወደዚያ ወጣት ስንመለስ ስሕተቱ አሁን ግልጽ ይሆንልናል። ብሬከሩ የወረደው ተበላሽቶ አልነበረም፤ ሽቦውን ሊጠብቅ ነው። የብሬከሩ መጠን የሚመረጠው ለምንጠቀምበት ዕቃ ብዛት ሳይሆን ከበስተ ኋላው ላለው ሽቦ ውፍረት ነው። በተለመደው አሠራር ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከ16 አምፔር ጋር ይያዛል፤ ለምጣድ ደግሞ ከቆጣሪው ማከፋፈያ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ትልቅ ብሬከር የሚያስፈልግ ከሆነ በመጀመሪያ ሽቦው ይለወጣል። በፊውዝ ምትክ የብረት ሽቦ መጠምጠምም ከዚሁ ይቈጠራል።

በአንድ ሥልጠና ላይ ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ አንድ መሪጌታ ተነሥተው ጠየቁን። “ኤሌክትሪክ መመለሻ ካላገኘ አይሄድም ብላችኋል። ታዲያ እኔ አንዱን ሽቦ ብቻ ብነካ ለምን ይይዘኛል? ወፎቹ በምሰሶው ሽቦ ላይ ውለው ምንም አይሆኑም።” ጥያቄያቸው ከንግግራችን ይልቅ ትምህርት ሰጪ ነበር። ወፏ በአንድ ሽቦ ላይ ብቻ ቆማለች፤ ምድርንም ሌላውንም ሽቦ አልነካችም፤ ስለዚህ ፍሰቱ በእርስዋ በኩል የሚሄድበት መመለሻ የለውም። ሰው ግን በምድር ላይ ቆሟል። የኒውትራሉ ሽቦ በትራንስፎርመሩ ዘንድ ከምድር ጋር እንዲያያዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ምድር ራስዋ መመለሻ መንገድ ናት። ፌዙን የነካ ሰው ሳያውቀው ዑደቱን ገጠመው ማለት ነው፤ ከእጁ ገብቶ በልቡ አጠገብ አልፎ በእግሩ ይወጣል።

ይህ ነገር በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሌላው ቦታ ይልቅ የሚያሳስበው ጫማችንን አውልቀን ስለምንገባ ነው። ደረቅ ቆዳና ደረቅ ጫማ ተቃውሞው ብዙ ነው። ባዶ እግር በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ወለል ላይ፣ በተለይም ወለሉ እርጥብ ሲሆን፣ የሰውነት ተቃውሞ እስከ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ሲካፈል ለ1000፣ 0.22 አምፔር ነው። ከ0.01 አምፔር በላይ ሲሆን የሰው እጅ ተኮማትሮ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፤ ወደ 0.1 አምፔር ሲደርስ የልብ ምት ሊታወክና ሰው ሊሞት ይችላል። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር በዚህ ሁሉ አይወርድም። ሰው እየሞተ ሳለ ለብሬከሩ ባለ 48 ዋት አምፖል እንደ በራ ያህል ነው።

የድምፅ ማጉያውን አስቡ። በውስጡ አንድ ሽቦ ተልጦ የብረት ቀፎውን ቢነካ፣ ቀፎው በሙሉ ፌዝ ይሆናል፤ በማይክሮፎኑ ገመድ በኩልም የማይክሮፎኑ ብረት ያው ይሆናል። ካህኑ በባዶ እግሩ ቆሞ ማይክሮፎኑን ይጨብጣል። የስፒናው ሦስተኛ እግር የተሠራው ለዚህ ነው። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው የአርዝ ሽቦ ቀፎውን በእርጥብ አፈር ውስጥ በጥልቀት ከተተከለ የመዳብ ዘንግ ጋር ያገናኘዋል፤ ፍሰቱም ሰው እስኪነካው ሳይጠብቅ ከሰው ይልቅ ቀላል በሆነው መንገድ ይመለሳል። በአንዳንድ አጥቢያ ሶኬቱ ባለ ሦስት ሆኖ ሳለ ከጀርባው የገቡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ሆነው አግኝተናል። ከፊት ሲያዩት ሙሉ ነው።

አርዙ እያለ እንኳ ባለሙያዎች አር ሲ ዲ የሚሉት መቁረጫ እንዲጨመር አጥብቀን እንመክራለን። አሠራሩ የተነሣንበትን ሕግ ይከተላል፦ በመሄጃው የወጣውንና በመመለሻው የገባውን ፍሰት ያስተያያል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የጐደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባት በሰው በኩል፣ ወደ ምድር ሄዷል ማለት ነው። ልዩነቱ 0.03 አምፔር ሲደርስ ሰውን ለማትረፍ በሚበቃ ፍጥነት ይቈርጣል። የጸበል ቦታዎች መብራትና የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለዚህ መቁረጫ ሊሠሩ አይገባም። ማብሪያ ማጥፊያውም በፌዙ ሽቦ ላይ መግባት አለበት፤ በኒውትራሉ ላይ ከገባ አምፖሉ ይጠፋል፣ ማቀፊያው ግን ሙሉ ግፊቱን እንደ ያዘ ይቀራል፤ አምፖል ሊቀይር መሰላል የወጣ ዲያቆን በዚህ ይያዛል። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ዋናው ብሬከር ሳይወርድ በእጅ መጐተት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው።

የመንግሥት መስመር ያልደረሰባቸው የገጠር አጥቢያዎች በፀሐይ ኃይል ይጠቀማሉ፤ ስለ እነርሱ አንድ ነገር ብቻ እንበል። የ12 ቮልት ባትሪ ሰውን አይገድልም ተብሎ ይናቃል። እውነት ነው፣ ግፊቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን ለ100 ዋት በ220 ቮልት ግማሽ አምፔር እንኳ የማይሞላ ፍሰት ሲበቃ፣ በ12 ቮልት ከ8 አምፔር በላይ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሽቦው መወፈርና ማጠር አለበት። የባትሪው ሁለት ጫፎች በመፍቻ ቢነካኩ ብረቱ ይግላል። ፈሳሽ ያለበት ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና ጧፍና ሻማ ከሚበራበት ርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ይቀመጥ።

በመጨረሻ በሥራ ላይ አይተን የወደድነውን እንንገራችሁ። አንድ አጥቢያ ከዓመታዊው በዓል አንድ ሳምንት አስቀድሞ፣ በቀን፣ ለበዓሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አብርቶ አንድ ሰዓት ያቆያል። ከዚያ ሁለት ሰዎች እየዞሩ የሶኬቱንና የማከፋፈያውን ክዳን በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ፤ የሞቀውን በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል፤ ባለሙያውም መጥቶ የሚፈታው ምልክት የተደረገበትን ነው። ዋናውን ብሬከር ከአገልግሎት በኋላ የሚያወርደው ሰው የታወቀ ነው፤ ከመቅደሱ ቍልፍ ጋር ይህም ለገበዙ ተሰጥቷል። በብሬከሩ ሣጥን ክዳን ላይ የትኛው ለመቅደስ፣ የትኛው ለቅድስት፣ የትኛው ለቅኔ ማኅሌት፣ የትኛው ለአዳራሽ እንደ ሆነ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ቍጥሮቹ በግእዝ የተጻፉ ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ ግራ ተጋብቶ እንደ ነበር፣ ኋላ ግን ከዲያቆናቱ እንደ ተማራቸው ገበዙ እየሳቁ አጫውተውናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።